ኦፕሬሽን ወይስ አርመሪ? የካውንተር ስትራይክ ሁለቱ ፓሶች

ካውንተር ስትራይክ በሚባለው የተኩስ ጌም ውስጥ ፓስ ማለት ተጨማሪ ነገር የሚከፍትልህ፣ በገንዘብ የሚገዛ ትኬት ነው። ኦፕሬሽን ለተወሰነ ጊዜ የሚከፈት ዝግጅት ነው፣ አርመሪ ደግሞ እየተጫወትክ ሽልማት የምትሰበስብበት። ደብረ ብርሃን ጌም ቤት ገብታችሁ የትኛው ይሻላል ብላችሁ ከጠየቃችሁ ክርክሩ ማቆሚያ የለውም።

ዋጋ፦ የ2021ዱ (እ.ኤ.አ.) ኦፕሬሽን ሪፕታይድ 14.99 ዶላር ነበር፣ በ2024 የመጣው አርመሪ 15.99። ያው በሉት። እኛ ሀገር ከባዱ በዶላር የሚከፍል ካርድ ማግኘቱ ነው።

ይዘት፦ እዚህ ላይ ኦፕሬሽን ያስከነዳዋል። በ2013 የመጀመሪያው ኦፕሬሽን ፔይባክ ሲጀመር ተጫዋቾች የሠሯቸውን ማፖች (የመጫወቻ ስፍራዎች) ይዞ መጣ፣ ከፓሱ ሽያጭም ለሠሪዎቹ ድርሻ ይደርሳቸው ነበር። በኋላ ተልዕኮ ተጨመረ። በ2016ቱ ዋይልድፋየር ደግሞ ከጓደኛህ ጋር ሁለት ሆነህ ቦቶችን (ኮምፒውተሩ የሚያንቀሳቅሳቸውን ጠላቶች) እየጠራረግክ የምትሄድበት ተልዕኮ ገባ፤ እንደሱ የሚያዝናና ነገር አላየሁም። አርመሪ? ትጫወታለህ፣ ክሬዲት ታገኛለህ፣ በአንድ ፓስ እስከ 40፣ ከዚያ በስኪን (በመሣሪያ ማስዋቢያ) ትቀይራለህ። አለቀ።

ስጋት፦ ኦፕሬሽን የመዝጊያ ቀን አለው። መብራት ጠፋ፣ ኔት ተቆረጠ፣ ፈተና ደረሰ ብሎ አይጠብቅህም። አርመሪ ሲወጣ ግን የሚያሯሩጥ ሳምንታዊ ተልዕኮ አልነበረውም።

ስለዚህ ቤትህ ኮምፒውተርና ደህና ኔት ካለህ፣ አብሮህ የሚጫወት ጓደኛም ካለ፣ አዲስ ኦፕሬሽን ሲመጣ አትለፈው። ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ጌም ቤት ብቅ የምትል ከሆነ ግን አርመሪ ይሻልሃል። ስኪን ብቻ ለሚፈልግ ደግሞ ሁለቱም ይቅሩበት፣ የወደደውን ተጫዋቾች እርስ በርስ ከሚሸጡበት ከስቲም ገበያ ይግዛ።