ጋሼ፣ ስለ እርሳሷ አመሰግናለሁ

ሰሞኑን አንድ የስለላ ልብ ወለድ ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አሳጣኝ። ምስጋናዬ ግን ለደራሲው አይደለም። መጽሐፉን ላስያዙኝ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነው። ስሜን እንዳትጽፍ ስላሉኝ ጋሼ ብቻ ልበላቸው።

በፊት መጽሐፍ የሚመርጥልኝ የስልክ መተግበሪያ ነበር። አንድ የስለላ መጽሐፍ ካነበብክ በቃ አለቀልህ፣ ሽፋኑ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ የሚሄድ ኮት የለበሰ ሰውዬ ያለበትን ሁሉ ያግተለትልሃል። ጋሼ መጀመሪያ የጠየቁኝ "የትኛውን ጀምረህ ተውከው?" ብለው ነው። የወደድኩትን አይደለም፣ የተውኩትን! ነገርኳቸው። ተነስተው ሄዱና አሸባሪ ቡድን ውስጥ ሰርጎ ስለገባ ሰላይ የሚተርከውን ይህን መጽሐፍ ይዘውልኝ መጡ።

ከኋላ ሽፋኑ ውስጥ የታጠፈች ወረቀት አለች። ያነበበ ሁሉ ስሙን ሳይጽፍ አስተያየቱን ያሰፍርባታል። መጨረሻውን የሚያወጣ ካለ ጋሼ በጥቁር እስክሪብቶ ይሰርዙታል (አንዱ አምስት መስመር ሄዶበታል፣ ምን ብሎ እንደነበር አሁን ገብቶኛል)። አንዷ "የመጀመሪያው መቶ ገጽ ወሬ ብቻ ነው" ብላለች። ከሥሯ ሌላው "ወሬው እኮ ነው ስለላው" ብሎ መልሶላታል። እኔም ከእሱ ጋር ነኝ። ሰውየው እዚያ ቡድን የሚገባው በር ሰብሮ አይደለም። የአንዱን አባል ልጅ ስም ይይዛል፣ ሲታመምበት ይጠይቀዋል፣ ቀስ እያለ ወዳጅ ይሆናል። የሚከዳውም ያንኑ ወዳጁን ነው።

ከሁሉም ያጨቃጨቀው ሰላዩ እንዳይነቃበት ሲል አንድ ጥቃት እያወቀ ዝም የሚልበት ምዕራፍ ነው። አንዱ "ውሸት ነው፣ እንዲህ ያለ ሰላይ የትም የለም" ብሎ ደምድሟል። ጋሼ ከጎኑ በእርሳስ "አዜፍን ፈልግ" ብለዋል። ፈለግኩ። ዬቭኖ አዜፍ ከዛሩ ፖሊስ ደመወዝ እየበላ የሩሲያ ሶሻሊስት አብዮተኞችን የግድያ ክንፍ ይመራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1904 የአገር ውስጥ ሚኒስትሩ ፕሌቬ የተገደለው እሱ በመራው ሴራ ነው። የሚከፍለው ፖሊስ የበላይ አለቃ ማለት ነው እንግዲህ! የተጋለጠው በ1908 ነው።

ሌላዋ ደግሞ የሰላዩ አለቃ ጥርጣሬ አበዛ ብላ አማራለች። እዚህም እርሳሷ አለች፦ "ኾስት፣ 2009"። በዚያ ዓመት ዲሴምበር 30 ሲአይኤ አልቃይዳ ውስጥ ሰርጎልኛል ብሎ ያመነው ዮርዳኖሳዊ ሐኪም አፍጋኒስታን ያለ ጦር ሰፈር ሳይፈተሽ ገባና ራሱን አፈነዳ። ሰባት የሲአይኤ ሰዎች ሞቱ። ይህን ካወቅኩ በኋላ የአለቃውን ምዕራፎች እንደ አዲስ ነው ያነበብኳቸው። ያ ያበሳጨኝ ሰውዬ አሳዘነኝ።

የመጽሐፉን ርዕስ የሚፈልግ በውስጥ ይጠይቀኝ። ከዚያ በፊት ግን በአቅራቢያችሁ ወዳለ ቤተ መጻሕፍት ሄዳችሁ ሠራተኛውን አናግሩ፣ የተዋችሁትን መጽሐፍ ሳትደብቁ።

መጽሐፉን ስመልስ ወረቀቷ ሞልታ የምጽፍበት አጣሁ። ጋሼ ሌላ ወረቀት ከሥሯ አጣበቁና እስክሪብቶ እያቀበሉኝ "መጨረሻውን እንዳታወጣ፣ እሰርዝሃለሁ" አሉኝ።