ዋይፋይና የሲም ዳታን አንድ ላይ ለሚያስሮጠው ሶፍትዌር፦ ምስጋናና ጥቆማ

ዋይፋይና የሲም ዳታን የሚያጣምረው የኦፕን ኤምፒቲሲፒ ራውተር ሶፍትዌር አልሚዎች፣ እጃችሁ ይባረክ! እንዲህ ያለ ሥራ ኮዱን ክፍት አድርጎ በነጻ መስጠት ቀላል አይደለም።

«ሁለት መስመር ይቀበላል» ተብለው የሚሸጡ ራውተሮች አብዛኛውን ጊዜ ማከፋፈል ብቻ ነው የሚያውቁት፤ አንዱን ግንኙነት በዋይፋይ፣ ሌላውን በሲም ይልካሉ። አንድ ትልቅ ፋይል ስታወርዱ ፍጥነቱ ያው የአንዱ መስመር ነው። ይሄኛው ግን ያንኑ አንድ ግንኙነት በሁለቱም መስመር ያስኬደዋል። የሚጠቀመው ኤምፒቲሲፒ የተባለውን ፕሮቶኮል (የመረጃ መላላኪያ ደንብ) ነው፤ ከ2020 ጀምሮ በዋናው የሊኑክስ ከርነልም (የስርዓተ ክወናው እምብርት) አለ። አብዛኞቹ ድረ ገጾች ስለማይደግፉት ግን፣ በሁለቱ መስመር የመጣውን መልሶ የሚገጥም የኪራይ ሰርቨር መሀል ላይ መቆም አለበት። ስለዚህ ሶፍትዌሩ ነጻ ቢሆንም ለሰርቨሩ ወርሃዊ ኪራይ አለ።

ሰርቨሩ ዴቢያን (የሊኑክስ ዓይነት) የተጫነበት ይሁን። ከርነል ስለሚቀየርበት በኮንቴነር የሚሠሩት (ከርነሉን ከሌሎች ጋር የሚጋሩት) ርካሽ ኪራዮች አይሆኑም፤ ኬቪኤም (የራሱ ከርነል ያለው ምናባዊ ማሽን) የሚል ፈልጉ። መጫኛ ስክሪፕቱ ሲጨርስ የሚያወጣውን ቁልፍ ቅዱና አስቀምጡ። ከዚያ በኋላ የኤስኤስኤች (ሰርቨሩን ከርቀት መግቢያ) ፖርቱ 65222 ይሆናል፤ ብዙ ሰው ይህን ሳያይ በ22 ሲሞክር «ሰርቨሩ ተቆለፈብኝ» ይላል። ሶፍትዌሩ ቤት ውስጥ ለሚሠራበት መሣሪያ ራስቤሪ ፓይ 4 (ትንሽ ኮምፒውተር) ይበቃል። ዋይፋይ ራውተሩን በኬብል፣ የሲም ሞደሙን በዩኤስቢ አገናኙና በብራውዘር 192.168.100.1 ከፍታችሁ የሰርቨሩን አይፒና ቁልፉን አስገቡ። ከመስመሮቹ አንዱን ብቻ «ማስተር» (ዋና መስመር) አድርጉ፤ የተረጋጋውን ምረጡ።

መጀመሪያ የሚያስቸግረው አድራሻ ነው። ዋይፋይ ራውተሩና የሲም ሞደሙ ሁለቱም 192.168.8.1 ከሆኑ አንዱ መስመር ጨርሶ አይሠራም፤ የአንዱን ወደ 192.168.9.1 ቀይሩት። ኃይልም ይታሰብበት፦ ፓይ 4 የ5 ቮልት 3 አምፔር ቻርጀር ይፈልጋል፤ ደካማ ቻርጀር ከሆነ ሞደሙ በየመሀሉ ይጠፋል፣ ጥፋቱም በኔትወርኩ ይላከካል።

ከሁሉም የሚከፋው የፒንግ (መረጃ ደርሶ የሚመለስበት ጊዜ) ልዩነት ነው። ዋይፋዩ 20 ሚሊሰከንድ፣ ሲሙ 300 ሚሊሰከንድ ቢሆን ቀድመው የደረሱት ፓኬቶች (የመረጃ ቁርጥራጮች) የዘገየውን እየጠበቁ መቀበያው ቋት ይሞላል፤ ድምሩ ከዋይፋዩ ብቻ ሊያንስም ይችላል። ስለዚህ ከማገናኘታችሁ በፊት እያንዳንዱን መስመር ለብቻ ለኩ፣ ሰርቨሩንም ቅርብ ካለ ዳታ ሴንተር ተከራዩ። የሰርቨሩ ፍጥነት ከሁለቱ ድምር ካነሰ ጣሪያው እሱ መሆኑንም አትርሱ።

ልዩነቱ አልጠብ ካለ፣ ወይም የሲሙ ጥቅል ቶሎ የሚያልቅ ከሆነ፣ ሲሙን «ባክአፕ» አድርጉት፤ ዋይፋዩ ሲቋረጥ ብቻ ይገባል። ፍጥነት አይጨምርላችሁም፣ የጀመራችሁት ስብሰባ ግን አይቋረጥም።