አሮጌውን ራዲያተር ፈትቶ መልሶ መግጠም ወይስ አዲስ መግዛት?

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በፔትወርዝና በብራይትውድ ሰፈሮች እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የተሠሩ ቤቶችን የገዙ ወዳጆቼ ወለል ለማስፋቅ በተነሡ ቁጥር ቤቱን በሙቅ ውሃ የሚያሞቀውን ራዲያተር እያሳዩ አንድ ጥያቄ ይደጋግሙልኛል፤ «ይህን ከባድ ብረት ጥለን አዲስ ብንገዛስ?» እባካችሁ አትጣሉት።

ሂሳቡን እንይ። እኔ ያነጋገርሁት የቧንቧ ሠራተኛ አንዱን ራዲያተር ለመፍታትና ወለሉ ሲያልቅ መልሶ ለመግጠም 350 ዶላር ጠየቀኝ። ከስስ ብረት የተሠራው አዲሱ ግን መደብር ውስጥ 280 ዶላር ተለጥፎበታል። ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። የአዲሱ መግቢያና መውጫ ከወለሉ ከሚወጡት አሮጌ ቧንቧዎች ጋር አይገጥምም፤ ስለዚህ ወለል ይቆረጣል፣ ቧንቧ ይቀጠላል። አንድ ወዳጄ ለአንድ መኝታ ቤት ብቻ ከ900 ዶላር በላይ አወጣ። ይባስ ብሎ ክፍሉ አሁንም ይቀዘቅዛል፤ ስሱ ብረት ቶሎ ሞቆ ቶሎ ይበርዳል፣ በሌሎቹ ክፍሎች ያሉት አሮጌዎቹ ግን ውሃውን የሚያሞቀው ቦይለር ከጠፋ በኋላም ሙቀታቸውን ይዘው ይቆያሉ።

ለመፍታት ቫልቭ መዝጋት ብቻ አይበቃም። በብዙ ቤቶች ቫልቩ ያለው በአንዱ ጫፍ ነው፣ በሌላው ጎሚቶ (የታጠፈ የቧንቧ ማያያዣ) ብቻ ነው። ቦይለሩ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ቧንቧዎቹ ውስጥ ያለው ውሃ በምድር ቤት በኩል ፈስሶ መውጣት አለበት። ራዲያተሩን ከቫልቩ ጋር የሚያያይዘው ዳዶ ላይ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት አፍስሳችሁ አሳድሩት፤ ከዚያ በአንዱ ጂራቱቦ (የቧንቧ መፍቻ) ቫልቩን ያዙ፣ በሌላው ዳዶውን አዙሩ። ቫልቩ ካልተያዘ ከወለል የሚወጣው ቧንቧ ይጠመዘዛል። ውሃው ወጥቷል ብትሉም ዳዶው ሲላላ እንደ ቀለም የጠቆረ ትራፊ ይፈስሳል፣ እንጨት ላይ ከደረሰ አይለቅም፤ ትሪ አስቀድሙ። ትልቁ ከ100 ኪሎ ስለሚበልጥ ብቻችሁን አታንሡት።

እያንዳንዱን ራዲያተር ከራሱ ቫልቭ ጋር ምልክት አድርጉበት፤ አብረው የኖሩ የቫልቭና የዳዶ ጥርሶች ከሌላ ጋር ሲገናኙ ያፈስሳሉ። ርካሹን ቫልቭ ደግሞ ተጠንቀቁ። ነሐስ ይመስላል፣ ግን አካሉ ስስ ነው፤ ሲጠብቅ ይሰነጠቃል። 25 ዶላር ለማትረፍ ብላችሁ አዲስ የተፋቀ ወለል አታበላሹ።

የራዲያተሩን ቀለም በደረቁ አትፋቁ። መርዛማው የእርሳስ ብረት ያለበት ቀለም በአሜሪካ ለመኖሪያ ቤት የተከለከለው እ.ኤ.አ. በ1978 ስለሆነ በእነዚህ ቤቶች ውስጥ አለ ብሎ መነሣት ይሻላል፣ በተለይ ሕፃን ካለ።

አሮጌውን የምተወው ባዶ ቤት ውስጥ ውሃው በረዶ ሆኖ ብረቱን ሰንጥቆት ከሆነ ብቻ ነው። ያን ጊዜም ስሱን አልገዛም። ከፈረሱ ቤቶች ዕቃ የሚሸጡ ነጋዴዎች ዘንድ ያንኑ ዓይነት በ200 ዶላር አካባቢ አግኝቻለሁ። ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩ በግፊት ፈትኖ እንደማያፈስስ ያሳያችሁ፤ እምቢ ካለ ወደ ሌላ ሂዱ።