«ፎርማት ይደረግ» ለማይለው የስድስት ኪሎው ባለሙያ

ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ለማመስገን ነው፤ ደግሞም ኮምፒውተሩ ወይም ፍላሹ እምቢ ያለው ሰው ወዴት መሄድ እንዳለበት ለመጠቆም። ባለሙያው ስሜን በአደባባይ አታውጪው ስላለኝ ቃሉን አከብራለሁ። ስድስት ኪሎ አካባቢ፣ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል የሚሠራ ወንድማችን ነው።

የተዋወቅነው በ2003 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ነው። የመመረቂያ ጽሁፌን ላስረክብ ሁለት ቀን ሲቀረኝ ፍላሼን ብሰካው በፎልደሮቼ ፋንታ ሾርትከት (ወደ ሌላ ፋይል የሚመራ አቋራጭ ምልክት) ብቻ ተደርድሮ አገኘሁ። የዚያን ጊዜ ተማሪ የነበረ ሁሉ ያን ድንጋጤ ያውቀዋል። የጠየቅኩት ሁሉ «ፎርማት አድርጊው፣ ሌላ መላ የለውም» አለኝ፤ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ ማስጀመር ማለት ነው። እያለቀስኩ እዚያች ክፍል ደረስኩ። እሱ ፍላሹን አየት አደረገና «እህቴ፣ ጽሁፍሽ አልጠፋም፤ ተደብቆ ነው» አለኝ። ቫይረሱ ዋናዎቹን ፎልደሮች የሲስተም ፋይል አስመስሎ ይደብቃቸውና በየስማቸው ሾርትከት ያስቀምጣል። ሾርትከቱን የነካ ሰው ፎልደሩ ይከፈትለታል፤ ቫይረሱም አብሮ ይነሣል። ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ከፍቶ፣ የተደበቀ ፋይል የሚገልጠውን «አትሪብ» የሚባል ትእዛዝ ጻፈ፤ ፎልደሮቼ ከነሙሉ ይዞታቸው ተመለሱ። አሥር ደቂቃ አልፈጀበትም። እንዴት እንዳደረገው ደግሞ ወረቀት ላይ ጽፎ ሰጠኝ፤ በዚያ ወረቀት ስንቱን የዶርም ጓደኛዬን ፍላሽ አዳንኩበት።

ማይክሮሶፍት፣ ፍላሽ ሲሰካ ፕሮግራም በራሱ እንዳይነሣ የሚያግደውን ማሻሻያ ኤክስፒና ቪስታ ለተባሉት የዊንዶውስ ቨርዥኖች በዝመና መላክ የጀመረው በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ነበር። ለእኛ ግን ምን ፋይዳ ነበረው? የአብዛኞቻችን ኮምፒውተር ኢንተርኔት አያገኝም ነበር። ባለሙያችን አቪራ የተባለውን አንቲቫይረስ የቫይረስ መዝገብ በየሳምንቱ ያወርድና ለመጣው ሁሉ በነጻ ይሰጥ ነበር፤ ያውም በሲዲ። ለምን በፍላሽ እንደማይሰጥ ስጠይቀው «ተዘግቶ የተጻፈ ሲዲ ላይ ቫይረስ ሊገባ አይችልም» አለኝ። የአቪራን ጃንጥላ ማንበብም ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ከታች ጥጉ ላይ ያለችው ጃንጥላ ከተዘረጋች ጥበቃው እየሠራ ነው፣ ከታጠፈች ቆሟል።

በመስከረም 2010 ደውሎ «ሲክሊነር የጫንሽ እንደሆነ ስንተኛው ቨርዥን እንደሆነ እዪልኝ» አለኝ። እኔ ዜናውን አልሰማሁም። ቆሻሻ ፋይል ለማጽዳት ስንቶቻችን የምናምነው ያ ፕሮግራም፣ 5.33 የተባለው ቨርዥኑ ከራሱ ከአምራቹ ሲወርድ ተንኮል ተቀብሮበት ከሁለት ሚሊዮን በላይ ኮምፒውተሮች ላይ ገብቶ ነበር። እሱ ግን የጫነላቸውን ደንበኞች በደብተር መዝግቦ ስለያዘ አንድ በአንድ እየደወለ አሳሰበ። አንድ ሳንቲም የማያገኝበት ሥራ ነው።

ዛሬ እንድጽፍ ያደረገኝ ግን ያባቴ ፎቶዎች ናቸው። እናቴ ቤት 80 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ ያላት አሮጌ የኤክስፒ ኮምፒውተር አለች። ዘንድሮ አንድ ዘመድ ሊረዳት ብሎ አዲስ ዊንዶውስ ሲጭንባት ዲስኩን ፎርማት አደረገው። የ2000 ዓ.ም. የሚሊኒየም ዋዜማ፣ አባቴ ነጭ ጋቢውን ለብሶ ችቦ ሲለኩስ ያነሣነው ፎቶ እዚያ ውስጥ ነበር። ሌላ ቦታ አላስቀመጥነውም። አባታችን ካረፈ ስምንት ዓመቱ ነው።

ስደውልለት የመጀመሪያ ቃሉ «አሁኑኑ አጥፉት፣ ምንም አትጻፉበት» ነበር። ዲስኩን ፈትቶ ከራሱ ኮምፒውተር ጋር አገናኘውና ፎቶሬክ በሚባለው አሮጌ ፕሮግራም ይፈትሸው ጀመር። እናቴ አጠገቡ ተቀምጣ ስትጠይቀው «እማማ፣ ፎርማቱ የቀደደው የመጽሐፉን ማውጫ ነው፤ ገጾቹ ሌላ ጽሁፍ እስካልተጻፈባቸው ድረስ አሉ» ብሎ አስረዳት። ፎቶሬክ ማውጫውን ትቶ ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር ያነባል፤ ፎቶ የሚጀምርበትን ምልክት ሲያገኝ እየለቀመ ሌላ ዲስክ ላይ ያኖራል። ክሪስቶፍ ግሬኒዬ የተባለ ፈረንሳዊ ሠርቶ ለዓለም ሁሉ በነጻ የለቀቀው ነው፤ ለእሱም ምስጋናዬ ይድረሰው።

ሦስት ቀን ፈጀ። ፎቶዎቹ ስማቸው ጠፍቶ በቁጥር ብቻ ወጡ። አንዳንዶቹ ከወገባቸው በታች ግራጫ ሆነዋል፤ አዲሱ ዊንዶውስ የተጻፈባቸው ናቸው። የችቦው ፎቶ ግን ሙሉ ነው። እናቴ ስታየው እጁን ይዛ መረቀችው።

የጠየቀን ዋጋ 1,500 ብር ነው። ልጨምርለት ብል አልተቀበለም። ለእኔ ላፕቶፕም አንቲቫይረስ እንዲሸጥልኝ ስጠይቀው «ዊንዶውስ ይዞት የሚመጣው ዲፌንደር ይበቃሻል፤ ገንዘብሽን ለመጠባበቂያ ዲስክ አውጪው» አለኝ። ሊሸጥልኝ ሲችል።

አድራሻውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ለእያንዳንዳችሁ እልካለሁ። እሁድ አይሠራም። ፋይል የጠፋባችሁ ካላችሁ፣ እሱ ዘንድ እስክትደርሱ ኮምፒውተሩን አታብሩት።