«አናዘር ሴልፍ ፖርትሬት»፦ የቦብ ዲላን ሳጥን ከወራት ማዳመጥ በኋላ

ፍርዴን ከፊት ላስቀምጥ። ይሄ የሲዲ ሳጥን አሜሪካዊው ዘፋኝ ቦብ ዲላን በጣም የተሰደበበትን አልበም ከስድቡ ነጻ አያወጣውም። «አውጥቶታል» ብለው የሚምሉ አድናቂዎች ሞልተዋል፤ ይማሉ። እኔ ባለ አራት ሲዲውን ትልቁን ሳጥን ሁለተኛ እጅ ገዝቼ ወራት ሆኖኛል። ወጥ ቤት፣ መንገድ ላይ፣ ሥራ ቦታ ሳዳምጠው ከርሜያለሁ። ወድጄዋለሁ። የወደድኩበት ምክንያት ግን ሲወራለት ከነበረው ይለያል።

ታሪኩን ለማያውቅ ባጭሩ። (ዓመታቱ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በጁን 1970 ዲላን «ሴልፍ ፖርትሬት» የሚባል ድርብ ሸክላ አወጣ። 24 ዘፈን አለው። ሽፋኑ ላይ ያለውን ፊት የሳለው ራሱ ነው። ሕዝቡ ይጠብቅ የነበረው የዘመኑን ታላቅ ገጣሚ ነበር። የደረሰው ግን የሰው ዘፈን፣ የድሮ የገጠር ዜማ፣ ቫዮሊንና የተቀባይ ሴቶች ድምፅ ነው። መክፈቻው ላይማ ዲላን ጭራሽ አይዘፍንም። ሴቶቹ ስለደከሙ ፈረሶች የምታወራ ሁለት መስመር ግጥም እየደጋገሙ ይጨርሱታል። ግሬል ማርከስ የሚባለው ሃያሲ ሮሊንግ ስቶን መጽሔት ላይ ግምገማውን የከፈተው ጨዋ ሰው ፊት በማይባል ቃል ነው። ገበያው ግን አልተጎዳም። አልበሙ አሜሪካ ውስጥ 4ኛ፣ እንግሊዝ ውስጥ 1ኛ ደረጃ ደርሷል።

ከዚያ 43 ዓመት አለፈ። በ2013 «ቡትሌግ ሲሪስ» በሚባለው የማኅደር ተከታታይ 10ኛ ቅጽ ሆኖ «አናዘር ሴልፍ ፖርትሬት» ወጣ። 35 ቀረጻ በሁለት ሲዲ ይዟል። ከአልበሙ የቀሩ አሉ፤ በኋላ የተደረበው ማጀቢያ የተገፈፈላቸውም አሉ። ትልቁ ሳጥን ሁለት ሲዲ ይጨምራል፦ በ1969 አይል ኦፍ ዋይት በምትባለው የእንግሊዝ ደሴት ያቀረበውን ኮንሰርትና ድምፁ የታደሰውን ዋናውን አልበም። አብሮት ለሚመጣው መጽሐፍ ጽሑፍ እንዲጽፍ የተጠየቀው ማን ይመስላችኋል? ያው ግሬል ማርከስ። ተሳዳቢውን ሽማግሌ አድርገው ላኩት።

ወደ ዘፈኖቹ ልግባ። ከሁሉም በላይ ይሄን ሳጥን ቤቴ ያቆየው «ፕሪቲ ሳሮ» ነው። ከእንግሊዝ መጥቶ በአሜሪካ የአፓላቺያ ተራሮች የቀረ የድሮ እንጉርጉሮ ነው። ነገሩ ቀላል ነው። ሳሮ ባለመሬት ትፈልጋለች፤ ሰውየው መሬት የለውም። ይሄን ለእኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ዲላን በዚያ ሰሞን ብቻ በነበረው ለስላሳ ድምፅ ይዘፍነዋል። ያንን አፍንጫ አፍንጫ የሚለውን ድምፁን የማይወዱ ጓደኞቼ «ይሄ ደግሞ ማነው?» ብለው ይጠይቁኛል። ይሄ ቀረጻ በ1970 ተቀድቶ ተቀመጠ። በቦታው «ብሉ ሙን» እና ዲላን በራሱ ድምፅ ላይ ራሱን ደርቦ፣ ሁለቱ ድምፆች ሳይገጣጠሙ፣ የፖል ሳይመንን «ዘ ቦክሰር» የሚዘፍንበት ቅጂ ወጣ። ለምን? ስንት ጊዜ ብሰማውም አልገባኝም።

«ስፓኒሽ ኢዝ ዘ ላቪንግ ታንግ» ብቻውን በፒያኖ፣ የኤሪክ አንደርሰን «ተርስቲ ቡትስ»፣ የቶም ፓክስተን «አኒዝ ጎይንግ ቱ ሲንግ ሄር ሶንግ»፤ እነዚህም ቁጭት የሚያሳድሩ ናቸው። በ1971 በፒያኖ ብቻ የተቀዳው «ዌን አይ ፔይንት ማይ ማስተርፒስ» ሁለተኛውን ሲዲ ይዘጋል። ማታ ማታ የምሰማው እሱን ነው።

እንግዲህ ክርክሩ እዚህ ይጀምራል። ብዙዎች «ጥፋቱ የፕሮዲዩሰሩ የቦብ ጆንስተን ነው» ይላሉ። በማርች 1970 ዲላን ኒውዮርክ ውስጥ ከጊታር ተጫዋቹ ዴቪድ ብሮምበርግና ከኪቦርድ ተጫዋቹ አል ኩፐር ጋር ተቀምጦ የቀዳቸው ቴፖች ናሽቪል ተወሰዱ። እዚያ ቤዝ፣ ከበሮ፣ ቫዮሊንና የሴቶች ድምፅ ተደረበባቸው። የክሱ ጭብጥ እንግዲህ «ንጹሑን ወርቅ ቀለም ቀቡት» ነው። ሳጥኑም የተሸጠው በዚሁ ሐሳብ ነው።

እኔ አንድ ነገር ሞከርኩ። ትልቁ ሳጥን ዋናውንም ስለያዘ አንዱን ዘፈን በሁለቱም መልኩ አከታትዬ መስማት ለመድኩ። «ዴይዝ ኦፍ ፎርቲናይን» ያለ ድርቡ በጣም ይበልጣል። የካሊፎርኒያ ወርቅ ፍለጋ ዘመን ያለፈበት የሽማግሌ ትዝታ ነው፤ የብሮምበርግ ጊታር ብቻውን ይበቃዋል። «ሊትል ሴዲ»ም እንደዚያው። ወደ «ኮፐር ኬትል» ስመጣ ግን ተቸገርኩ። ይሄ ጫካ ገብቶ አረቄ ስለማውጣት የሚያወራ ዘፈን ነው፤ ከ1792 ጀምሮ የዊስኪ ግብር አልከፈልንም እያለ ይኮራል። ያለ ድርቡ ቆንጆ ነው። ከቫዮሊኖቹ ጋር ግን ያ ጭሱ፣ ጨረቃው፣ ስንፍናው ሁሉ ይመጣል። የድሮውን እመርጣለሁ። መክፈቻው የፈረሶቹ ዘፈን ደግሞ ቫዮሊኑና መለከቱ ሲወጣለት ሥራው ያላለቀለት ልምምድ ይመስላል። ግጥም የሌለው «ዊግዋም» ግን በሁለቱም በኩል ለእኔ ያው ነው።

ስለዚህ «ያልተነካው ሁሌ ይሻላል» የሚለውን አልቀበልም። ሳጥኑ ራሱም አይቀበልም። ከዋናው አልበም ዘፈኖች ላይ ማጀቢያውን እየገፈፈ፣ ከአራት ወር በኋላ ከወጣው ከ«ኒው ሞርኒንግ» አልበም ዘፈኖች ላይ ደግሞ ያኔ የተጣለውን ማጀቢያ መልሶ ያመጣል። «ሳይን ኦን ዘ ዊንዶው» ከነኦርኬስትራው፣ «ኒው ሞርኒንግ» ከነመለከቱ፣ «ኢፍ ኖት ፎር ዩ» ከቫዮሊን ጋር እዚህ አሉ። እዚህ መግፈፍ፣ እዚያ መደረብ። ደንቡ «ሰው ያልሰማው ይውጣ» የሚል ብቻ ነው። ለገዢ ይሄ ችግር የለውም። ለክርክሩ ግን ማስረጃ አይሆንም።

ሌላኛው ወገን የሚያነሳው ነጥብ የበለጠ ያሳምነኛል። «መርጠው ነው የሰጡን» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ሰው የሳቀባቸው «ብሉ ሙን»፣ «ዘ ቦክሰር»፣ «ሌት ኢት ቢ ሚ» ከ35ቱ ውስጥ የሉም። በምትካቸው የ«ኒው ሞርኒንግ» ቅጂዎች፣ የቢትልሱ ጆርጅ ሃሪሰን ያለባቸው ሁለት ዘፈኖች፣ የ1971 ቀረጻዎች ገብተዋል። ርዕሱ ከ1969 እስከ 1971 ቢልም ከቤዝመንት ቴፕስ (ዲላን ከዘ ባንድ ሙዚቀኞች ጋር ቤት ውስጥ ከቀዳቸው ቴፖች) የመጣ፣ የ1967 ዘፈን ሳይቀር አለ። ከሦስትና ከአራት ዓመት ሥራ ምርጡን ብትለቅም ማንም ያምርበታል። ደግሞ ከዚያው ዘመን የቀሩ ቀረጻዎች አንድ ጊዜ ወጥተው ነበር እኮ! ዲላን ወደ ሌላ ኩባንያ በሄደበት በ1973 የቀድሞው ኩባንያ ሰብስቦ «ዲላን» ብሎ አሳተማቸው። ያንን ሃያሲያን ከ«ሴልፍ ፖርትሬት» አስበልጠው ነው የሰደቡት። ያው ማኅደር፣ ሌላ መራጭ።

ከመጀመሪያውም ዋናውን የወደዱ ጥቂት ግትሮችም አሉ። እነሱ በ2013 ሁሉም ሰው ወዳጅ ሲሆን ትንሽ ቅር ሳይላቸው አልቀረም። ከእነሱ ጋር ብቀመጥ ደስ ይለኛል።

ስለ ሐሳቡ ዲላን ራሱ ባለፉት ዓመታት የተለያየ ነገር ተናግሯል። አንድ ጊዜ ሰዎች እንዲተዉት ብሎ እንዳደረገው፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ሕገወጥ ሸክላ አሳታሚዎች ቀረጻውን እየሸጡ ስለነበር የራሱን እንዲህ ያለ ሸክላ እንዳወጣ። በ1969 «ግሬት ዋይት ወንደር» የሚባለው ድብቅ ሸክላ ገበያውን አጥለቅልቆት ስለነበር ሁለተኛው ምክንያት ከመሬት የተነሳ አይደለም። እኔ የቱንም ሙሉ በሙሉ አላምንም። ሰውየው ሲጠየቅ ማምለጥ ይወዳል።

አንድ ነገር ግን ለእኛ ጆሮ ይለያል ብዬ አስባለሁ። የ1970 ትልቁ ቅሬታ «ደራሲ ሆኖ ሳለ የሰው ዘፈን ዘፈነ» የሚል ነበር። እኛ ትዝታን ሁሉም ዘፋኝ በየራሱ ሲዘፍነው ያደግን ሰዎች ነን። የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ እንዴት ዘፈነው ነው ጥያቄው። «ሴልፍ ፖርትሬት»ን በዚህ ጆሮ ስሰማው ግማሹ ክስ ይወድቃል። ግማሹ አይወድቅም፤ ምክንያቱም «እንዴት ዘፈነው» ለሚለው ጥያቄ አንዳንዱ ዘፈን ላይ መልሱ «እያዛጋ» ነው።

ሦስተኛው ሲዲ፣ ኮንሰርቱ፣ ብዙ አላስጨነቀኝም። ኦገስት 31 ቀን 1969 «ዘ ባንድ» ከሚባለው የሙዚቃ ቡድን ጋር የተጫወተው ነው። አራቱ ዘፈን ያኔ ዋናው አልበም ውስጥ ገብተው ነበር። «ላይክ ኤ ሮሊንግ ስቶን» ላይ ግጥሙ ሲምታታበት ይሰማል። ሙሉውን ስትሰማው ግን ምሽቱ ሲወራለት ከነበረው ይሻላል፤ «ሃይዌይ 61» ላይ ባንዱ ይነዳል። እሱ ዘፈን ባለ ሁለት ሲዲው እትም ላይም ስላለ ለሱ ብላችሁ ትልቁን እንዳትገዙ።

ስለ ዕቃው። ሳጥኑ ከባድ ነው። ጠንካራ ሽፋን ያላቸው ሁለት መጻሕፍት አሉት፤ አንዱ ፎቶ፣ አንዱ ጽሑፍ። የፎቶውን ደጋግሜ አገላብጫለሁ። የማርከስን ጽሑፍ አንዴ አንብቤ አስቀምጫለሁ፤ ጥሩ ጸሐፊ ነው፣ ግን አልበሙን ከማዳመጥ ይልቅ ስለ አልበሙ ማንበብ ቶሎ ይሰለቻል። የሸጠልኝ ሰው «አዲስ ነው» ብሎኝ ጥጉ ተልጦ መጣ። ሲዲዎቹ ግን ንጹሕ ናቸው። መኪናዬም ላፕቶፔም ሲዲ አይቀበሉም፤ ሌላ ሰው ጋ ሄጄ ነው ወደ ስልኬ ያስገለበጥኩት። ይሄን አስባችሁ ግዙ።

አሁን ስልኬ ላይ ያለው የራሴ ቅንብር ነው። አብዛኛው ከመጀመሪያው ሲዲ፣ ጥቂቱ ከሁለተኛው፣ ከዋናው ደግሞ «ኮፐር ኬትል»፣ ፈረሶቹና የጎርደን ላይትፉት «ኧርሊ ሞርኒን ሬይን»። ቀስ በቀስ ከዋናው የሚጨመር እየበዛ ነው። መጀመሪያ ላይ አራተኛውን ሲዲ የምከፍተው ለማነጻጸር ብቻ ነበር።

ለዲላን አዲስ ከሆናችሁ ከዚህ አትጀምሩ። መግዛት የፈለገ ሰው ባለ ሁለት ሲዲው ይበቃዋል። ትልቁ ሳጥን ዋጋውን የሚያወጣው እንደኔ እያነጻጸረ መከራከር ለሚወድ ሰው ብቻ ነው። «ከሱ ቀጥሎ ‹1970› የሚለውን ልግዛ?» ለሚሉኝ፦ ያ በ2021 የወጣ ባለ ሦስት ሲዲ ነው፤ ከጆርጅ ሃሪሰን ጋር የነበረውን የሜይ 1 ቀን ቀረጻ ይዟል። አንዱን ዘፈን ደጋግመው ሲሞክሩ፣ ሲያቋርጡ፣ ሲጀምሩ መስማት የማይሰለቻችሁ ከሆነ ግዙት። ሌላችሁ ተዉት።