የዓለም አገራት ቻርት በ200 ብር፦ ግዙት፣ ግን ማርከር ጨምሩበት

ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ አካባቢ ካለ አንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ነው የገዛሁት። 200 ብር። ከላይ በትልቁ «የዓለም አገራት፣ ዋና ከተማ፣ ገንዘብና የሥራ ቋንቋ» ይላል። የአሳታሚውን ስም አልጠራም። እንዲህ ያለውን ቻርት አንዱ ከአንዱ እየገለበጠ ነው የሚያትመው፤ እናንተ ግድግዳ ላይ ያለውም ወንድሙ ሳይሆን አይቀርም።

መጀመሪያ ጥሩ ጥሩውን ልበል። ወረቀቱ ወፍራም ነው። በላስቲክ ስለተለበጠ ጭስም አቧራም ቢለብሰው በእርጥብ ጨርቅ ሲጠርጉት ይለቃል። ሳሎን ከተሰቀለ ሦስት ወር አልፎታል፣ ቀለሙ እንዳለ ነው። ባንዲራዎቹ ጥርት ያሉ ናቸው። ሰባተኛ ክፍል ያለው ልጄ በሁለት ሳምንት የአፍሪካን ዋና ከተሞች ሸምድዶ ጨረሰ፤ ዋጋዱጉን እኔም የያዝሁት ከሱ ነው። ፊደሉ ደቃቅ ነው፣ መነጽር ላደረገ ሰው ወንበር ላይ መውጣት ሊያስፈልግ ይችላል። የታችኛው ጠርዝ ሲቆረጥ ደግሞ የዚምባብዌ ረድፍ ግማሹ አብሮ ሄዷል። በፈረንጅ 2013 ሕገ መንግሥቷ ለ16 ቋንቋ እውቅና የሰጠች አገር ናት እንግዲህ የተከረከመችው!

ዋናው ጣጣ ያለው ግን የቋንቋው ዓምድ ላይ ነው። የተጀመረው በብራዚል ነው። ልጁ ፈተና ላይ የብራዚል ቋንቋ ምንድን ነው ተብሎ «ስፓኒሽ» ጻፈ፣ ኤክስ ተመታበት። ተናዶ መጣ። «ቻርቱ ነው ያለኝ!» ሄጄ ሳይ እውነቱን ነው፣ ስፓኒሽ ይላል። ኧረ በስመ አብ! ብራዚልን ኳስ የሚያይ ሁሉ ያውቃታል እኮ። በፈረንጅ 1494 ስፔንና ፖርቱጋል ገና ያላዩትን ምድር ቶርደሲያስ በምትባል የስፔን ከተማ ተቀምጠው በወረቀት ሲካፈሉ የምሥራቁ ጫፍ ለፖርቱጋል ደረሰ፣ ዛሬ አብዛኛው ዙሪያዋ በስፓኒሽ ተከቦ ፖርቱጋልኛ የምትናገረው ለዚያ ነው። ቻርቱን ያዘጋጀው ሰው ጎረቤቶቿን አይቶ ገምቶ ነው ያለፈው።

ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ቡና እየተፈላ፣ እኔና ልጁ ስልክ ይዘን ሣጥን በሣጥን ስንፈትሽ ከረምን። ደቡብ አፍሪካ፦ «እንግሊዝኛ» ብቻ። በፈረንጅ የ1996 ሕገ መንግሥታቸው ዙሉ፣ ኮሳ፣ አፍሪካንስ እያለ 11 ነው የደረደረው፤ በ2023 የምልክት ቋንቋ ተጨምሮ 12 ሆነዋል። ሩዋንዳ፦ «ፈረንሳይኛ» ብቻ። ኪንያሩዋንዳው የት ሄደ? እንግሊዝኛውና ስዋሂሊውስ? ቦሊቪያ፦ «ስፓኒሽ»። በፈረንጅ የ2009 ሕገ መንግሥቷ ከስፓኒሽ ሌላ 36 የነባር ሕዝቦችን ቋንቋ በስም በስም ዘርዝሯል። 37 ቋንቋ የክብሪት ቀፎ በምታክል ሣጥን እንደማይገባ ይገባኛል። «37» ብሎ መጻፍ ግን ይገባ ነበር።

አሜሪካ ላይ ስቄያለሁ። «እንግሊዝኛ» ነው የሚለው። አሜሪካ ግን ከተመሠረተች ጀምሮ በፌዴራል ደረጃ በሕግ የተደነገገ ቋንቋ አልነበራትም፤ ብዙ ክፍለ ግዛቶች ለራሳቸው ደንግገዋል፣ ዋሽንግተን ግን ዝም እንዳለ ነበር። በ2017 ዓ.ም. የካቲት ላይ ፕሬዚዳንት ትራምፕ ትእዛዝ ፈረሙና እንግሊዝኛ ኦፊሴላዊ ሆነ። እንግዲህ ይህ ቻርት ከዚያ በፊት ተዘጋጅቶ ከሆነ፣ የተሳሳተው ቻርቱ ሳይታረም አገሪቱ መጥታ ታረመችለት ማለት ነው። አውስትራሊያ ግን እስካሁን በሕግ የደነገገችው የለም።

ጎረቤቶቻችን ላይ ይሻላል። ጅቡቲ «ፈረንሳይኛ፣ ዐረብኛ» ተብላለች፣ ልክ ነው፤ ምንም እንኳ ገበያው ሶማልኛና አፋርኛ ቢሆን። ኤርትራ ላይ «ትግርኛ» ብሎ አልፏል። ሕገ መንግሥቷ ቋንቋዎቿ ሁሉ እኩል ናቸው ይላል እንጂ አንዱን ለይቶ አልሾመም።

የራሳችን ሣጥን ላይ ደግሞ «አማርኛ (ብሔራዊ ቋንቋ)» ተጽፏል። የዓምዱ ርእስ የሥራ ቋንቋ፣ እዚህ ሲደርስ ብሔራዊ! በኛ አቆጣጠር የ1948ቱ ሕገ መንግሥት አማርኛን ኦፊሴላዊ ቋንቋ ነው ያለው። የ1987ቱ አንቀጽ 5 ደግሞ መጀመሪያ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሁሉ እኩል የመንግሥት እውቅና አላቸው ይላል፣ ቀጥሎ አማርኛ የፌዴራሉ መንግሥት የሥራ ቋንቋ ነው ይላል፣ ክልሎችም የየራሳቸውን በሕግ ይወስናሉ። ቃሉ ቀላል አይደለም። ማሊን ተመልከቱ፣ በፈረንጅ 2023 ፈረንሳይኛን ከኦፊሴላዊነት አውርዳ የሥራ ቋንቋ ብቻ አደረገችው። እዚያ አገር በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ርቀት ፖለቲካ ነው፣ በኛ ቻርት ላይ ግን እንደፈለጉ የሚቀያየሩ ሆነዋል።

ከታች የክልሎች ዝርዝርም አለ። ቤንሻንጉል ጉሙዝ ላይ «ጉሙዝኛ» ይላል። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። መተከል እኮ ድሮ ጎጃም ነበር፣ ሩቅ አገር አይደለም፣ ጠይቆ መጻፍ አያቅትም ነበር።

ባለፈው የሚስቴ እናት ከእንጅባራ መጡ። ማንበብ አይችሉም፣ ልጁ እየጠቆመ ያነብላቸዋል። አውሮፓን ጨርሶ ወደ ኢትዮጵያ ሲመለስ፣

«የኛስ የት ላይ አለ?» አሉት።

«አማርኛ ይኸውና እማማ።»

«እሱንማ ይኸው እያወራነው። አዊኛውን ነው ያልሁህ።»

ልጁ ወደኔ ዞረ። እኔ ወደ ግድግዳው ዞርሁ። «አማራ ክልል፦ አማርኛ»፣ በቃ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ ስለሆነ ስህተት አይደለም። ግን አዊ ውስጥ ልጆች በአዊኛ ይማራሉ፣ በዚሁ በፊደላችን ነው የሚጻፍ፣ ከዚህ ከደብረ ማርቆስም የግማሽ ቀን መንገድ አይሞላም። ስዊዘርላንድ ትዝ አለችኝ። ቻርቱ ሦስት ቋንቋ ነው የሰጣት፦ ጀርመንኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ጣልያንኛ። አራተኛው ሮማንሽ የለም። ከመቶ አንድ እንኳ የማይሞላ ሕዝብ ነው የሚናገረው፣ ግን በፈረንጅ 1938 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ብሔራዊ ቋንቋ አድርጎታል፣ ብራቸውም ላይ ከሦስቱ ጋር ይጻፋል። እዚያ ተራራ ላይ ያለች አንዲት አሮጊት ግድግዳዋ ላይ ይሄ ቻርት ቢሰቀል እንደ አማቴ ነው የምትጠይቅ።

ባለሱቁን ሳገኘው ነገርሁት። «የታተመውን ነው የምሸጥ፣ ጋሼ» አለኝ። እውነቱን ነው።

ታዲያ ይገዛ? ይገዛ። ዋና ከተሞቹ ባየነው ልክ ናቸው፣ ገንዘቡም ብዙ አይሳሳትም፣ ልጅም ስህተት ሲፈልግ ከሚሸመድደው ይልቅ ይማራል። ላስቲኩ ላይ እስክርቢቶ አይዝም፣ ማርከር ያስፈልጋል። የቦርድ ማርከር ግን እንዳትገዙ፤ ልጁ ከክልላችን አጠገብ «አዊኛ» ብሎ በሱ ጽፎላቸው ነበር፣ አማቴ ራሳቸው አቧራ ሊጠርጉ ብለው አጠፉት። አሁን በማይለቀው ነው የጻፈው፣ ትንሽ ጠሞበታል።