የሞተርሆም ስቲሪንግ ስታብላይዘር፦ ጠቃሚ ዕቃ ነው፣ ግን መጀመሪያ የሚገዛ አይደለም

ከ30 ጫማ በላይ የሚረዝም ሞተርሆም (መኖሪያ ቤት የተሠራበት መኪና) ኢንተርስቴት አውራ ጎዳና ላይ ሲነዳ ሹፌሩን ከርቀቱ በላይ የሚያደክመው መሪው ነው። ትልቅ ትራክ ሲያልፍ መኪናው መጀመሪያ ወደ መንገዱ ዳር ይገፋል፣ ትራኩ ቀድሞ ሲሄድ ደግሞ ወደ ትራኩ ይሳባል። ሹፌሩ መሪውን ሁለት ጣት ወደ ግራ፣ ሁለት ጣት ወደ ቀኝ ሲመልስ ይውልና ማታ ትከሻው አልንቀሳቀስ ይላል። የዕቃ መሸጫዎች ለዚህ ሁሉ ስታብላይዘር፣ ማለትም መሪውን የሚያረጋጋ ተጨማሪ ዕቃ፣ ያቀርባሉ፤ ማሸጊያው ላይ ደግሞ ደኅንነት የሚለው ቃል በትልቁ ተጽፏል።

እዚህ የምንመዝነው በአሜሪካ ብዙዎቹ የቤንዚን ክላስ ኤ (አውቶቡስ መሰል) ሞተርሆሞች በሚሠሩበት በፎርድ ኤፍ-53 ሻንሲ ላይ ነው። የፊቱ አክስል አንድ ወጥ ብረት ሲሆን በባሌስትራ ላይ ተቀምጧል። ፎርድ ባዶውን ሻንሲ ይሠራል፣ እንደ ዊነቤጎና ቶር ያሉ አምራቾች ቤቱን ይጭኑበታል። የአብዛኛው ችግር ምንጭ ይኸው ነው፤ የፊት ጎማዎቹ አላይመንት የተስተካከለው ሻንሲው ባዶ ሳለ ነው። ቤቱ፣ ጀነሬተሩ፣ የውሃ ታንኩና የባለቤቱ ዕቃ ሲጨመርበት ባሌስትራው ይወርዳል፣ የጎማዎቹም አንግል ይለወጣል።

ዕቃዎቹ በሦስት ይከፈላሉ።

ሃይድሮሊኩ ጋደም ተደርጎ የታሰረ ሾክ አብዞርበር ነው። አንዱ ጫፉ አክስሉ ላይ፣ ሌላው ጫፉ ሁለቱን የፊት ጎማዎች በሚያገናኘው ታይ ሮድ ላይ ይታሰራል። አገር ቤት ላንድክሩዘር 70 የነዳ ወይም የጠገነ ሰው ይህን ዕቃ ያውቀዋል፤ ቶዮታ ከፋብሪካ አስሮት ይልካል። የሚቃወመው የእንቅስቃሴን ፍጥነት ነው። መሪው በዝግታ ሲዞር ዝም ይላል፤ ጎማው ጉድጓድ ወይም የድልድይ መጋጠሚያ ሲመታ ግን ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ምቱን ይውጠዋል። እጁ ላይ የሚመታ መሪ ለያዘ ሰው ጥሩ መፍትሔ ነው። መሪውን ወደ መሐል ግን አይመልስም፤ ነፋስ ሳያቋርጥ በቀስታ ሲገፋም የሚያግዘው ነገር የለም። እንደ ቢልስታይንና ሞንሮ ያሉ የሾክ አምራቾች ይሠሩታል፤ ዋጋው እንደ ሻንሲው ከ100 እስከ 200 ዶላር አካባቢ ነው። ከመግዛትዎ በፊት ዘንጉን በእጅዎ ወደ ውስጥ ገፍተው ይልቀቁት። በራሱ ወደ ውጭ ከወጣ በጋዝ የተሞላ ነው ማለት ነው፤ ለብቻው ከታሰረ መሪውን ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ይገፋዋል። ባለበት የሚቆመውን ይምረጡ።

ባለሞላው ደግሞ ሴፍ-ቲ-ፕላስና የሮድማስተሩ ሪፍሌክስ የሚታወቁበት ዓይነት ነው። ሾኩ ላይ ወፍራም ሞላ ተደርቦበታል። መሪው ቀጥ ሲል ሞላው አርፎ ይቀመጣል፤ ወደ የትኛውም ጎን ሲዞር ይቃወማል፣ ሲለቀቅም ወደ መሐል ይመልሳል። ልዩነቱ የሚታወቀው ረጅም መንገድ ላይ ነው፤ የነፋስ ግፊት መሪው ላይ ከመድረሱ በፊት ሞላው ከፊሉን ይይዘዋል፣ ሹፌሩም መሪውን ጨምቆ መያዝ አያስፈልገውም። በአንጻሩ ረጅም ኩርባ ላይ መሪውን ይዞ ለመቆየት ትንሽ ተጨማሪ ጉልበት ይጠይቃል፤ መኪና ማቆሚያ ውስጥም መሪው ትንሽ ይከብዳል። ፓወር ስቲሪንጉ ጤናማ ከሆነ በሁለተኛው ቀን ይለመዳል። ከማሰሪያ ብረቱ ጋር ከ400 እስከ 700 ዶላር ይደርሳል። ከሦስቱ ለኤፍ-53 የምንመርጠው ይህን ነው።

ሦስተኛው፣ የብሉ ኦክሱ ትሩሴንተር፣ ከእነዚህ የሚለየው መሐሉን ሹፌሩ እየነዳ ዳሽቦርዱ ላይ ባለ ቁልፍ ማስተካከል መቻሉ ነው። መንገዱ ወደ ቀኝ ሲያዘነብል ወይም ነፋሱ ቀኑን ሙሉ ከአንድ ጎን ሲመጣ መሪው በያዘበት ቦታ አዲስ መሐል ይሰጠዋል። የኤሌክትሪክ ሽቦ ስላለው ሥራው ይበዛል፣ የሚበላሽ ነገርም ይጨምራል። በዓመት ብዙ ሺህ ማይል ለሚጓዝ ሰው ይገባዋል፤ በበጋ ሁለት ጊዜ ለሚወጣ ቤተሰብ ግን ባለሞላው ይበቃል።

አሁን ዋናውን ነገር እንበል። ስታብላይዘር ያረጀ ቴስቲናን (የመሪ ብረቶችን የሚያጋጥመውን ኳስ)፣ የተዛባ አላይመንትንና ያለልክ የተነፋ ጎማን አይጠግንም። የሚያደርገው ምልክቱን ማፈን ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደሚባለው፣ የላላው መጋጠሚያ በሞላው ታፍኖ ሳይታወቅ መበላቱን ይቀጥላል። ስለዚህ ከዕቃው በፊት ሦስትና አራት ነገሮች መታየት አለባቸው፤ አብዛኞቹ ርካሽ ናቸው።

በመጀመሪያ ክብደት። ሙሉ ነዳጅና ውሃ ሞልተው፣ ሰውና ዕቃ ጭነው በትራክ ስቶፕ ባለው፣ ካት ስኬል በሚባለው የመኪና ሚዛን ላይ ይውጡ። ወረቀቱ የፊቱንና የኋላውን አክስል ለየብቻ ያሳያል። ከዚያ የጎማውን አምራች የክብደትና የንፋስ ሠንጠረዥ ይክፈቱ። የፊት አክስልዎ 6,600 ፓውንድ ቢመዝን እያንዳንዱ ጎማ ወደ 3,300 ፓውንድ ይሸከማል፤ ለዚያ የሚበቃውን ንፋስ ከሠንጠረዡ ያገኙና አንዱ ጎን ሊከብድ ስለሚችል 5 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ይጨምሩበታል። የሚለካው ጎማው ሳይሞቅ ነው። ብዙ ባለቤት ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ትልቁን ቁጥር አይቶ ይሞላል። ያ ቁጥር ጎማው ሙሉ ጭነቱን ሲሸከም የሚያስፈልገው ነው፤ ከዚያ ቀለል ላለ መኪና ከበዛ ጎማው መንገዱን የሚነካው በመሐሉ ብቻ ይሆንና መሪው መቅበዝበዝ ይጀምራል። ማስተካከሉ አንድ ሳንቲም አያስወጣም፤ አንዳንዴም ስታብላይዘር ለመግዛት ያሰበው ሰው ሐሳቡን የሚቀይረው እዚሁ ላይ ነው።

ቀጥሎ ልቅነት። ሲዲኤል (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ) ያላችሁ ከጉዞ በፊት ከሚደረገው ፍተሻ ታውቁታላችሁ፤ 20 ኢንች በሆነ መሪ ላይ ጎማው ሳይንቀሳቀስ መሪው 2 ኢንች ያህል ባዶውን ከተጓዘ ልቅነቱ በዝቷል። ሞተሩ ይነሳ፣ ፓርኪንግ ፍሬኑ ይያዝ፣ የኋላ ጎማዎቹ በታኮ ይደገፉ። አንድ ሰው መሪውን ወዲያና ወዲህ በትንሹ ያንቀሳቅስ፤ ሌላው ከጎን ሆኖ በባትሪ እያበራ ከመሪው ማርሽ ሳጥን ጀምሮ እስከ ጎማው ያሉትን መጋጠሚያዎች አንድ በአንድ ይይ። አንዱ ብረት ሲንቀሳቀስ ተጣምሮት ያለው ወዲያው ካልተከተለው ያ መጋጠሚያ አልቋል። በዓይን ካልታየ መጋጠሚያውን በመዳፍ መያዝ ነው፤ ቀጭን ኳ የምትል ምት እጅ ላይ ትሰማለች። ማርሽ ሳጥኑ ላይ ያለውን ማስተካከያ ብሎን ማጥበቅ ግን አይመከርም፤ ትንሽ ከበዛ መሪው ከኩርባ በኋላ አልመለስ ይላል፣ ማርሹም ይበላል።

ሦስተኛው አላይመንት ነው፤ ተጭኖ እንዳለ፣ ከባድ መኪና በሚሠራ ጋራዥ። ፎርድ ከሰጠው ወሰን ወደ ላይኛው ጫፍ የተጠጋ ፖዘቲቭ ካስተር እንዲሰጡዎት ይጠይቁ። ካስተር ማለት የሱፐርማርኬት ጋሪ ጎማ ከምሰሶው ኋላ ተጎትቶ ራሱን ቀጥ የሚያደርግበት ነገር ነው፤ ሲያንስ መኪናው ቀጥታውን ይረሳል። በወጥ አክስል ላይ የሚስተካከለው ባሌስትራውና አክስሉ መካከል በሚገባ ሽብልቅ ብረት ነው፤ ስለዚህ ጋራዡ ይህን የሚሠራ መሆኑን አስቀድመው ይወቁ። ቶውን (የፊት ጎማዎቹ አፍንጫ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዞሩን) ብቻ አስተካክሎ የሚልክ ብዙ ነው።

የመኪናው ጠባይ የትኛው ክፍል እንደጎደለ ይናገራል። ትራክ ሲያልፍ መጀመሪያ የሚገፋው ጅራቱ ከሆነ የሚያስፈልገው የኋላ ትራክ ባር ነው፤ አክስሉ ከሻንሲው ሥር ወደ ጎን እንዳይንሸራተት ይይዘዋል። ነዳጅ ማደያ ሲገባ ወደ ጎን የሚያጋድል ከሆነ ማጋደሉን የሚይዘውን ብረት፣ ስዌይ ባሩን፣ ይዩ። ብዙ ኤፍ-53 ላይ የስዌይ ባሩ ጫፍ ሁለት ቀዳዳ አለው፤ ማያያዣውን ወደ ውስጠኛው ቀዳዳ ማዛወር ባሩን ያጠነክረዋል፣ ወጪውም የአንድ ከሰዓት ጉልበት ብቻ ነው። የጎማ እግር ርቀትም አለ፣ ማለትም ከፊቱ አክስል እስከ ኋላው ያለው፤ ይህን ምንም ዕቃ አይለውጠውም። 34 ጫማ ማለት 408 ኢንች ነው፤ 208 ኢንች የእግር ርቀት ያለው መኪና የርዝመቱን 51 በመቶ፣ 228 ያለው 56 በመቶ ይሆናል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው እጅግ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ገና ያልገዛ ሰው ይህን ቁጥር ከሶፋው ቀለም በፊት ይጠይቅ።

ይህ ሁሉ ተሠርቶ መኪናው አሁንም በነፋስ የሚያደክም ከሆነ ባለሞላው ስታብላይዘር ቦታው ላይ ነው። አስተሳሰሩ ላይ ግን ብዙ ይበላሻል። ሁለቱም ጫፎቹ ከአክስሉ ጋር አብረው የሚወጡና የሚወርዱ መሆን አለባቸው፤ አንዱ ሻንሲው ላይ ሌላው ታይ ሮዱ ላይ ከታሰረ መንገዱ ጎርበጥ ባለ ቁጥር መሪው ይጎተታል። መኪናውን ሜዳ ላይ ቀጥ አድርገው ጥቂት ጫማ ይንዱና ያቁሙ፣ ጎማዎቹ በራሳቸው መሐል ላይ ይሆናሉ። አክስሉ ላይ ያለው ብረት ይጥበቅ፤ ታይ ሮዱ ላይ ያለው የዩ ቅርጽ ብሎን በእጅ ብቻ ይያዝ። ሞላው ማረፊያውን ሲያገኝ አምራቹ በሰጠው ቁጥር በቶርክ ቁልፍ ያጥብቁት። ከዚህ ያነሰ ይንሸራተታል፣ ከዚህ የበለጠ የታይ ሮዱን ቱቦ ይጨፈልቃል። በብሎኑ ሁለት ጎን ነጭ ቀለም ያስምሩ፤ ቢንሸራተት ወዲያው ይታያል።

ከዚያ መሪውን እስከ መጨረሻው ግራ፣ እስከ መጨረሻው ቀኝ ያዙሩ። በሁለቱም ጫፍ ስታብላይዘሩ የጣት ውፍረት ያህል ቀሪ ጉዞ ሊኖረው ይገባል። ከሌለው ጎማውን የሚያቆመው አክስሉ ላይ ያለው ማቆሚያ መሆኑ ይቀርና ስታብላይዘሩ ይሆናል፤ በመጀመሪያው ጠባብ ዙር ማሰሪያው ይጎብጣል። የፍሬን ቱቦውንም አለመንካቱን ይዩ።

ለሙከራ ነፋስ በሌለበት ቀጥ ያለ መንገድ ላይ በ50 ማይል ይንዱ። ወደ አንድ ጎን ከጎተተ መሪውን ቀጥ በሚሄድበት ቦታ ይዘው ቀስ ብለው ያቁሙ፣ የዩ ብሎኑን ያላሉት፣ ሞላው ራሱ ቦታውን ይፈልጋል፣ እንደገና ያጥብቁ። ሁለትና ሦስት ጊዜ መደጋገሙ የተለመደ ነው። ይህን ሳይሠሩ መኪናውን የሚያስረክቡ ጋራዦች አሉ፤ ባለቤቱም ዕቃው አይረባም ብሎ ይደመድማል።

ደኅንነትን በተመለከተ፣ የፊት ጎማ ሲፈነዳ የሞተው ጎማ መንገዱን እየፋቀ መሪውን ወደ ራሱ ይስበዋል። ሃይድሮሊኩ ይህን ያዘገየዋል፣ ባለሞላው ደግሞ ይጎትትበታል፤ ሁለቱም ለሹፌሩ የሚያተርፉለት የመጀመሪያዎቹን አንድና ሁለት ሰከንዶች ነው። እነዚያ ሰከንዶች ነፍስ ያድናሉ፣ ሹፌሩ ትክክለኛውን ካደረገ። ፍሬን አይረገጥም፤ ክብደቱን በፈነዳው ጎማ ላይ ያወርደዋል። ነዳጁን ይዞ ወይም ለአፍታ ጨምሮ፣ መሪውን አጥብቆ ቀጥ ማድረግ፣ መኪናው መስመሩን ከያዘ በኋላ ነዳጁን ቀስ እያሉ መልቀቅና በራሱ ፍጥነት እየቀነሰ ወደ መንገዱ ዳር መውጣት ነው። ጎማውም ከመፈንዳቱ በፊት ይታይ፤ ጎኑ ላይ ዲኦቲ (DOT) ብሎ ከሚጀምረው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉት አራት አሃዞች 2319 ከሆኑ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። የሞተርሆም ጎማ ጥርሱ ሳያልቅ ጎማው ያረጃል። ዋዮሚንግ ውስጥ በላራሚና በሮሊንስ መካከል ያለው ኢንተርስቴት 80 በነፋስ ምክንያት ቀላልና ረጃጅም መኪኖች እንዳይገቡበት ሲዘጋ ደግሞ የትኛውም ስታብላይዘር ለመሄድ ምክንያት አይሆንም።

በፎርድ ኢ-450 ላይ ለተሠራ ክላስ ሲ (የቫን ፊት ላለው ሞተርሆም)፣ ካስተሩ በተስተካካይ ቡሽ ወደ 5 ዲግሪ ከተጠጋ በኋላ ሃይድሮሊኩ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። በስፕሪንተርና በፕሮማስተር ቫን ላይ የተሠሩት ግን የመሪያቸው አሠራር ሌላ ስለሆነ ለእነሱ ይህ ወጪ አያስፈልግም። ከታሰረ በኋላ ከ100 ማይል ጉዞ ላይ ብሎኖቹ እንደገና በቶርክ ቁልፍ ይታዩ፤ ከዚያ ወዲያ ዘይት በተቀየረ ቁጥር ነጩን ቀለም፣ የጫፎቹን ላስቲኮችና ዘንጉን ማየት ነው። ዘንጉ ላይ ዘይት ካላበ አይጠገንም፣ ይቀየራል።